በ408 ሜጋኸርዝ ያየሁት ጉብታ ፑልሳር ነው ወይስ የኔው ጣጣ?

ዲሽ_ሠሪው (ደብረ ብርሃን)

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዲሽ እተክላለሁ፤ ቴሌቪዥንና ሪሲቨርም እጠግናለሁ። ሰው ሁሉ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞር የሰፈሬን ዲሽ ግማሹን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ጣሪያ ላይ መውጣት፣ ኬብል መግፈፍ፣ ሲግናል መፈለግ እንጀራዬ ነው። ከሳተላይቱ ማዶ ምን እንዳለ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

አምና የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ላፕቶፕ ላይ የምትሰካ የሬዲዮ ዶንግል አመጣልኝ። የምታክለው ፍላሽ ነው። ከ24 ሜጋኸርዝ ጀምራ እስከ 1,700 ትሰማለች። ኤፍኤም ሰማሁባት፤ ሁለት ቀን አጫወተችኝና ሰለቸኝ። ከዚያ ስለ ፑልሳር አነበብኩ። በቃ፣ እንቅልፌ ተበላሸ።

ለማያውቅ ሰው፦ ፑልሳር ማለት ትልቅ ኮከብ ፈንድቶ ሲያልቅ የሚቀረው እምብርት ነው። ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጫጫ ቢደርስ ነው። እየተሽከረከረ የሬዲዮ ጨረር ይረጫል። ሌሊት ዘበኛ ባትሪውን እያዞረ ሲያበራ ዓይንህን በየዙሩ ብልጭ እንደሚያደርግህ ማለት ነው።

እኔ የመረጥኩት ቢ0329+54 የሚባለውን ነው። በየ0.7145 ሰከንዱ አንዴ ይዞራል። በሰሜኑ ሰማይ ካሉት ሁሉ ብርቱው እሱ ነው አሉ። ደግሞ እኛ ጋ ከፍ ብሎ የሚያልፈው በቀጥታ ሰሜን ላይ፣ ከአድማስ 45 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለዲሽ ሠሪ ከዚህ የቀለለ የለም። ኮምፓስና ማዕዘን መለኪያ ይበቃል።

ሁለት ያጊ አንቴና ሠራሁ። ያ የድሮው የቴሌቪዥን አንቴና፣ የዓሣ አጥንት የሚመስለው፣ እሱ ነው ያጊ። ግንዱ የባሕር ዛፍ ጣውላ፣ ዘንጎቹ የመጋረጃ አሉሚኒየም፤ እያንዳንዱ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ። 408ን የመረጥኩት ከ406.1 እስከ 410 ሜጋኸርዝ ያለው ለሬዲዮ አስትሮኖሚ የተከለለ ስለሆነ ነው፤ ጸጥ ያለ ሰፈር ይሆናል ብዬ። ስሰቅል ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት ከታች ቆመው «ይኼ ደግሞ የማንን አገር ቻናል ነው የሚስበው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ የሞተ ኮከብ ነው» አልኳቸው። «ነፍስ ይማር» ብለው ሄዱ።

ከጥምቀት ማግሥት ጀምሬ 12 ቀን ቀዳሁ፤ በየቀኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት። ቅጂውን በ0.71452 ሰከንድ ልክ እየቆረጥኩ እንደ እንጀራ ደራረብኩት። አንዱ ላይ የማይታይ ነገር 15,000 ሲደራረብ ብቅ ይላል ይላሉ። ብቅ አለ! ከ12 ምሽት በ8ቱ ጥሩ ጉብታ ወጣ። በ4ቱ ግን ጭጭ። ጉብታው የሚወጣበት ቦታም ከቀን ቀን ይለያያል፤ እሱ እንኳ የላፕቶፔ ሰዓት ልክ ስላልሆነ ይመስለኛል።

ጥያቄዬ፦ ይኼ ነገር እውነት ፑልሳር ነው? ከሆነ በ4ቱ ቀን የት ሄደ? ደግሞስ ጓሮ የጣልኩት 1.8 ሜትር ዲሽ አለ፤ እሱን አንሥቼ 1,400 ሜጋኸርዝ ላይ ልሞክር ወይስ ጭራሽ ወደ 150 ልውረድ? ብር ስለሌለኝ አንዱን ብቻ ነው የምሠራው።

ፊዚክስ_አስተማሪ

ወንድሜ፣ በመጋረጃ ዘንግ እዚህ ድረስ መድረስህ ራሱ ያስደንቃል። እንኳን ደስ ያለህ ልልህ ስል ግን አንድ ቁጥር ያዘኝ። 0.71452።

ይኼን ከካታሎግ፣ ከፑልሳሮች መዝገብ ነው ያገኘኸው አይደል? ካታሎግ ላይ ያለው ቁጥር የተሰላው የፀሐይ ሥርዓቱ መሐል ላይ ለቆመ ሰው ነው። አንተ ያለኸው ደብረ ብርሃን ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከምድር ጋር ፀሐይን ትዞራለች። ጥር መጨረሻ ላይ ከዚያ ኮከብ በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየራቅን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ምት 0.00005 ሰከንድ እየዘገየ ይደርስሃል። ምን አላት ትላለህ። በ15,000 ስታባዛት 0.75 ሰከንድ ናት! ከአንድ ሙሉ ዙር በለጠች። እንጀራውን ስትደራርብ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ፣ መጨረሻ ላይ ዙሪያውን ሁሉ አዳርሷል ማለት ነው።

አየህ፣ እውነተኛው ፑልሳር ቢሆን ኖሮ በዚህ ቁጥር ጉብታ አይሠራም ነበር፤ ተለጥጦ ሜዳ ይሆን ነበር። ጉብታ ስለወጣ ነው ፑልሳር አይደለም የምልህ። ለዚያ ሰሞን ትክክለኛው 0.71457 አካባቢ ነው፤ እሱም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል። የሚያሰላ ነፃ ሶፍትዌር ሞልቷል።

አሁን ሁለት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ቅጂህን በማይረባ ቁጥር ደራርበው፤ የመጣልህን ቁጥር ውሰድ። ያኔም ጉብታ ከወጣ ከሰማይ አይደለም። ቀጥሎ ቅጂውን አሥር አሥር ደቂቃ አድርገህ ቁረጠውና ጉብታው በየትኛው ቁራጭ እንዳለ እይ። ፑልሳር የሚጀምርበት ሰዓትና የሚያቆምበት ሰዓት የለውም፤ አንቴናህ ፊት እስካለ ድረስ ይመታል።

ሦስተኛም አለ፤ እሱ ጊዜ ይፈልጋል። ኮከብ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይመጣል። በእኛ ወር ደግሞ ሒሳቡ ያምራል፦ ወሩ 30 ቀን ስለሆነ በወሩ ድፍን 2 ሰዓት ቀድሞ ታገኘዋለህ። የሰው ሥራ የሆነ ጫጫታ ግን የሰውን ሰዓት ነው የሚከተለው። ጆስሊን ቤልም በ1967 ኬምብሪጅ ላይ ያቺን ትንሽ ጭረት ወረቀት ላይ ስታያት «ይኼ የመኪና ጫጫታ ነው» ብላ ያልጣለችው በዚህ ነው፤ ጭረቷ የከዋክብቱን ሰዓት እየጠበቀች ነበር የምትመጣው። እሷ የሠራችው በ81.5 ሜጋኸርዝ፣ ከ2,000 በላይ ዲፖል አንቴና ሜዳ ላይ ተክለው ነው። እንጨቱንም መዶሻውንም ራሷ ይዛለች፤ ስለዚህ ጣውላህ አያሳፍርህ።

ወደ ዲሹ ስንመጣ፣ ተወው። ይኼ ፑልሳር 400 ሜጋኸርዝ ላይ ያለው ጉልበት 1,400 ላይ ካለው 7 እጥፍ ያህል ነው። አብዛኞቹ ፑልሳሮች እንደዚሁ ናቸው፤ ወደ ታች ስትወርድ ይበረታሉ። «እና ለምን 150 አልወርድም?» ካልክ፣ ሰማዩ ራሱ ይጮህብሃል። የኛው ጋላክሲ 408 ላይ የሚያሰማው ጫጫታ ጥቂት አሥር ኬልቪን ነው (የሬዲዮ ጫጫታ የሚለካው በሙቀት መለኪያ ነው)፤ 150 ላይ ግን መቶዎች ውስጥ ይገባል። ውድ አምፕሊፋየር ብትገዛ እዚያ ብዙም አይጠቅምህም፤ ጫጫታው ያለው ከአንቴናው ፊት እንጂ ከኋላው አይደለም።

150ን የምወድለት አንድ ነገር አለ። በከዋክብት መካከል ኤሌክትሮኖች ተበትነዋል። በነሱ ውስጥ ሲያልፍ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ይዘገያል። ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ እኩል የወጡ ሚኒባስና ጭነት የያዘ አይሱዙ በል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር እየተራራቁ ይሄዳሉ። የዶንግልህ ስፋት 2 ሜጋኸርዝ ነው። በዚህች ስፋት ውስጥ የላይኛውና የታችኛው ጫፍ 408 ላይ የሚለያዩት በ6.5 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ የምቱን ውፍረት ቢያክል ነው፤ ዓይን አይለየውም። 150 ላይ ግን 130 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ስክሪንህ ላይ ምቱ ጋደል ብሎ ታየዋለህ። ይኼን ቁልቁለት ምድር ላይ ያለ ዕቃ በአጋጣሚ አይሠራልህም።

ይኼው ነገር ሲበዛ ደግሞ ይገድላል። ቬላ የሚባለው ከሁሉም ብርቱ ነው፤ ከእኛ ዘንድ ወደ ደቡብ 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ይታያል፤ ሰው ሁሉ ይጓጓለታል። በ150 እሱን አትንካ። በዚያችው 2 ሜጋኸርዝ ውስጥ መዘግየቱ 330 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ራሱ የሚዞረው በ89 ነው። አራት ዙር እርስ በርሱ ተጨማለቀ ማለት ነው። ባንዱን አጥብበህ በመቆራረጥ ይስተካከላል እንበል፤ መንገድ ላይ የተበተነውን ግን የሚሰበስብልህ ሶፍትዌር የለም።

አንኮበሬዋ

እኔ ፊዚክስ አላውቅም፤ ዝም ብዬ ነው የማነበው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጉብታው ያልወጣባቸው 4ቱ ቀናት ምን ምን ቀን ናቸው?

ዲሽ_ሠሪው (ደብረ ብርሃን)

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። 0.75ን ሳነብ ሆዴ ቡጭ አለ። እውነትዎን ነው፤ ከካታሎግ ነው የገለበጥኩት።

እህቴ፣ ቆይ ደብተሬን ልየው። ረቡዕ። ዓርብ። ረቡዕ። ዓርብ።

አንኮበሬዋ

ጎረቤትህ ማን ነው?

ዲሽ_ሠሪው (ደብረ ብርሃን)

…ሥጋ ቤት ነው።

አንኮበሬዋ

በል እንግዲህ 😄

ባለ_ታወር

ሆዴን አመመኝ በሳቅ። እኔ ታወር ላይ ነው የምሠራው፤ እንዲህ ያለውን ጉድ ስንቴ እንዳየሁት።

ወንድሜ፣ ሥጋ መፍጫ ማሽን አላቸው? ትንንሾቹ መፍጫዎች ሞተራቸው ከሰል አለው፤ «ካርቦን» የምንለው። ሞተሩ ሲሽከረከር ከሰሉ የሚነካበት ቦታ እሳት ይረጫል። ያቺ ብልጭታ ደግሞ አንድ ፍሪኩዌንሲ መርጣ አይደለም የምትጮኸው፤ ከኤኤም ሬዲዮ ጀምራ እስከ አንተ 408 ድረስ ሁሉንም ታዳርሳለች። አንድ ክትፎ ለማስፈጨት ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው። ያ ግማሽ ደቂቃ ከሦስት ሰዓት ፑልሳር ጋር ሲነጻጸር ዝሆን ነው፤ በምንም ቁጥር ብትደራርበው የሆነ ቦታ ላይ ጉብታ ትቶ ያልፋል። ቦታው ከቀን ቀን የሚለያየውም ለዚያ ነው፤ የላፕቶፕህን ሰዓት በከንቱ አማሃት።

ሦስት ነገር ልጨምርልህ።

መብራት በሄደ ጊዜ ቅዳ። ሰው ሲያማርር አንተ ደስ ይበልህ። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የላላ የመስመር ሽቦ፣ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ላፕቶፑን ግን በራሱ ባትሪ አሠራው፤ ኢንቨርተር ካስነሣህ መልሰህ ራስህን በራስህ በጠበጥክ። ሶላር ካለህም ኮንትሮለሩን ንቀለው።

ወደ 150 ከወረድክ የኤፍኤም ማገጃ ፊልተር አድርግበት። ከ88 እስከ 108 ያሉት ጣቢያዎች በጣም ቅርብና በጣም ብርቱ ናቸው፤ ዶንግሏ ደግሞ 8 ቢት ናት። አጠገቧ ሰው ከጮኸ ሹክሹክታ አትሰማም። 150 አካባቢ የመገናኛ ሬዲዮኖችም ብዙ ናቸው፤ ከተማ ውስጥ አልመክርህም። ዘመድ ጋ፣ መንዝ ወይ ጓሳ አካባቢ ከወጣህ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ የሚያስቸግርህ ጭላዳ ብቻ ነው፤ ኬብል ካገኘ አይምርም።

ሦስተኛው፣ እኛ ለመግነጢሳዊው ኢኳተር ቅርብ ነን። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌሩ፣ ማለትም ከላይ ያለው በኤሌክትሪክ የተሞላው የአየር ሽፋን፣ እየተቦረቦረ ይረበሻል። ሲግናል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጂፒኤስ እንኳ ይንገዳገዳል። መስከረምና መጋቢት አካባቢ ይብሳል፤ 150 ላይ ደግሞ ከ408 ይልቅ ይከፋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ረገብ ይላል። አውሮፓ ያሉ ሰዎች የጻፉትን መመሪያ ስታነብ ይኼን አታገኘውም፤ እነሱ ጋ እንዲህ የለባቸውም።

ፊዚክስ_አስተማሪ

ባለ ታወር የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። አንኮበሬዋ፣ አንቺ ግን ከሁላችንም በልጠሻል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እኩለ ሌሊት ላይ የሚሆን ዒላማ ካስፈለገህ ቢ0950+08 አለ። የካቲት አጋማሽ ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ በቀጥታ አናታችን ላይ ያልፋል። አንቴናውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገህ ትተኛለህ፤ ማዕዘን የለ፣ ኮምፓስ የለ። በ0.253 ሰከንድ ይዞራል። 850 የብርሃን ዓመት ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ለፑልሳር ይኼ ጎረቤት ነው። ቅርብ ስለሆነም መዘግየቱ ትንሽ ነው፤ መደራረቡ ይቀልልሃል፤ ለማስረጃ ግን ያ ቁልቁለት አይበቃህም። ጉልበቱም ይዋዥቃል፤ አንድ ሌሊት ደምቆ በማግሥቱ ቢጠፋ ዕቃህን አትውቀስ።

ዲሽ_ሠሪው (ደብረ ብርሃን)

ቆየሁባችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የማይረባ ቁጥር አልተባልኩ? እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ በ0.68 ደራረብኩት። ጉብታ! እንዲያውም ከበፊቱ ያማረ። አሥር አሥር ደቂቃ ቆረጥኩት፤ ከ18 ቁራጭ በሦስቱ ብቻ ነው ያለው፤ የቀረው ባዶ ሜዳ። ሦስቱም ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ናቸው። የራት ሰዓት።

እንዲያም ሆኖ አላመንኩም። ላፕቶፑን ከፍቼ ስክሪኑ በመስኮት እንዲታየኝ አደረግኩና ሥጋ ቤት ገባሁ። ባለቤቱን «እስቲ መፍጫውን አስነሣልኝ» ብለው «ባዶውን አላስነሣም፤ ይበላሻል» አለኝ። ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። ማሽኑ ጉርርር ሲል መስኮቱ ውስጥ ስክሪኔ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆነ። ሲያቆም ጠፋ። እንደገና ሲያስነሣ እንደገና። 20 ሰከንድ አትሞላም። 12 ቀን ሙሉ ሰማይ እየሰማሁ መስሎኝ የሰው ራት ስቆጥር ነው የከረምኩት። ክትፎው ግን ጥሩ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፤ መፍጫውም ተነቀለ። ኮከቡም ቀደም ብሎ መምጣት ጀምሯል፤ አሁን ሰሜን ላይ የሚደርሰው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት መቅዳት ጀመርኩ። ቁጥሩን በሶፍትዌር አስልቼ፣ በየቀኑ አድሼ። አምስት ቀን ምንም። እንደ አርሴማ ጠበል የጠራ፣ አንድ እብጠት የሌለው መስመር። ሚስቴ «እና ይኼ ሁሉ ጣሪያ ላይ መውጣት ለዚህ ነው?» አለችኝ። እኔ ግን መስመሩን ሳየው ደስ አለኝ። ቢያንስ አይዋሽም።

በስድስተኛው ቀን መብራት ሄደ። ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ። የባለ ታወርን ምክር አስታውሼ ላፕቶፑን በባትሪው ብቻ አደረግኩት። አሮጌ ባትሪ ነው፤ ሦስት ሰዓት ይችላል ወይ ብዬ ስክሪኑን አጠፋሁት። ጣሪያ ላይ ቁጭ ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ ጠበቅኩ፤ ምን እንደምጠብቅ እንጃ፤ የሚሰማ ነገር የለውም።

ማታ መብራት ሲመጣ ደራረብኩት። በ0.71458 ላይ አንድ ቀጭን ነገር አለ። ትልቅ አይደለም፤ ከጫጫታው 6 እጥፍ ያህል ነው። በሦስት ሰዓት ከፈልኩት፤ በሦስቱም ውስጥ ደብዘዝ ብሎ እዚያው ቦታ ላይ ነው። በ0.68 አይወጣም። በካታሎጉ በ0.71452ም አይወጣም፤ መምህር እንዳሉት ተለጥጦ ጠፋ። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት እንቅልፍ የነሣችኝ።

አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ግን ምንም አላልኩም። በማግሥቱ መብራት ስለነበረ ጫጫታው ተመለሰ፤ ያለ መሰለኝ፤ እጄን ግን አላስቆርጥበትም። ሥዕሎቹን ነገ እለጥፋለሁ፤ እባካችሁ ያለ ርኅራኄ እዩልኝ። ለ150ው ደግሞ ጣውላ ቆርጫለሁ፤ ዘንጎቹ አንድ አንድ ሜትር ሊሆኑ ስለሆነ መጋረጃችን አልበቃም፤ የሚስቴን ፈቃድ እየጠበቅኩ ነው። ሲያልቅ እናቴ ጋ ወደ ሞላሌ ይዤው እወጣለሁ።

ዛሬ ጠዋት የሥጋ ቤቱን ባለቤት መንገድ ላይ አገኘሁት። ነገሩን በሙሉ ነግሬዋለሁ፤ ገብቶታልም፤ ወዷታልም። «አገኘኸው?» አለኝ። «ገና ነው፣ ሳላረጋግጥ አልናገርም» አልኩት። ጣቱን ወደ ጣሪያዬ ቀሰረና «ለማንኛውም ፋሲካ ሳይደርስ ጨርስ» አለኝ።